«አይራመድም» ተብሎ የሚተው ዳሌ

«ልጁ እንደሆነ አይራመድም። ታዲያ ለምን ይቀደዳል?»

ይህን ጥያቄ በደሴም በኮምቦልቻም ደጋግሜ እሰማለሁ። ከእናት፣ ከአባት፣ ከአያት፣ አንዳንዴም ከጤና ባለሙያ። ከክፋት የሚመጣ ጥያቄ አይደለም። ገንዘብ የለም። አዲስ አበባ ሩቅ ነው። ልጁ ገና በጨቅላነቱ ብዙ ስቃይ አይቷል። በዚያ ላይ ደግሞ ኦፕራሲዮን ጨምሩበት ማለት ለማንም ወላጅ ይከብዳል።

ግን ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ዳሌው ላይ ኦፕራሲዮን የሚሠራለት በዋናነት እንዲራመድ አይደለም። ተመቻችቶ እንዲቀመጥ ነው። ሌሊት እንዲተኛ ነው። ሽንት ጨርቅ ሲቀየርለት እንዳይጮህ ነው። ስለዚህ ኦፕራሲዮኑ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለማይራመደው ልጅ ነው። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ቀዶ ሐኪም አይደለሁም። ዳሌያቸው ከወጣ በኋላ ወደ እኛ የሚመጡትን ልጆች ግን በየጊዜው አያለሁ። አብዛኞቹ ቀደም ብለው ቢታዩ ኖሮ ነገሩ እዚያ ባልደረሰ ነበር። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ሴሬብራል ፓልሲ በእርግዝና ጊዜ፣ በወሊድ ወይም በመጀመሪያዎቹ የሕፃንነት ጊዜያት አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴና የአቋም ችግር ነው። የወላጆቹ ታሪክ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። ምጡ ረዘመ፣ ሕፃኑ ሲወለድ አላለቀሰም። ወይም ያለ ጊዜው ተወለደ። ወይም በተወለደ በቀናት ውስጥ ሰውነቱ ክፉኛ ቢጫ ሆነ። ወይም ማጅራት ገትር ያዘው። እርግማን አይደለም። እናትየው የሠራችው ጥፋትም አይደለም። አንጎል ላይ የደረሰው ጉዳት እየሰፋ አይሄድም፤ ባለበት ይቆማል። አካሉ ግን ያድጋል። ጡንቻውና አጥንቱ በተዛባ ጉተታ ሥር ሆነው ያድጋሉ። የዳሌው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የዳሌ መገጣጠሚያ ሁለት ነገር ነው። አንዱ የጭን አጥንት ጫፍ ላይ ያለው ክብ ራስ ነው። ሌላው ያ ራስ የሚቀመጥበት፣ ስኒ የመሰለ ጎድጓዳ ነው። አራስ ልጅ ላይ ጎድጓዳው ገና አልጠለቀም። የጭኑ አጥንት አንገትም ቀጥ ያለ፣ ወደ ፊት የዞረ ነው። ልጁ ሲድህ፣ ቆሞ ሲንገዳገድ፣ ሲሮጥ የገዛ ክብደቱ ክቡን ራስ ወደ ጎድጓዳው ይጫነዋል። በዚህ ጫና አንዱ ሌላውን እየቀረጸ ያድጋሉ።

ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅም ሲወለድ ዳሌው እንደ ማንኛውም ሕፃን ነው። ይህ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። ከዳሌ ውልቃት ጋር የሚወለዱ ልጆች አሉ፤ ያ ሌላ ሕመም ነው። እዚህ ግን ዳሌው የሚበላሸው ከተወለደ በኋላ፣ ዓይናችን እያየ ነው። ልጁ በጊዜው ስለማይቆም የአጥንቱ አንገት እንደ አራስ ልጅ እንደቀና ይቀራል። ጭንን ወደ ውስጥ የሚሰበስቡት የታፋ ጡንቻዎችና ጭንን ወደ ሆድ የሚያጥፉት ጡንቻዎች ደግሞ፣ ጭንን ወደ ውጭ ከሚከፍቱት ይበረታሉ። እነሱ በጎተቱ ቁጥር ክቡ ራስ ቀስ በቀስ ወደ ውጭና ወደ ላይ ይሸሻል። በቀን አይታወቅም። በወራት ነው። ጎድጓዳውም የሚቀርጸው ስለሚያጣ ጠፍጣፋ እንደሆነ ይቀራል። ሂደቱ ዝም ከተባለ ራሱ ከጎድጓዳው ሙሉ በሙሉ ይወጣል።

«የእኔ ልጅ ልፍስፍስ ነው እንጂ ግትር አይደለም፣ እሱን አያሰጋውም» የሚሉ ወላጆች አሉ። ያሰጋዋል። ጡንቻው የላላ ልጅም ዳሌው ይወጣል። ዋናው ወሳኝ ነገር ልጁ ምን ያህል መንቀሳቀስ ይችላል የሚለው ነው።

ይህን ለመለየት ባለሙያዎች በ1997 እ.ኤ.አ. በካናዳ የወጣ የደረጃ አሰጣጥ ይጠቀማሉ። ልጆቹን ከ1 እስከ 5 ይመድባል። ደረጃ 1 ያለ እርዳታ የሚራመድ፣ የሚሮጥ ልጅ ነው። ደረጃ 2 ይራመዳል፤ ግን ዳገትና ረጅም መንገድ ያስቸግረዋል። ደረጃ 3 በክራንች ወይም በዎከር ይሄዳል። ደረጃ 4 ለመቀመጥ ድጋፍ ይፈልጋል፤ ከቦታ ቦታ የሚሄደው በአብዛኛው በዊልቸር ነው። ደረጃ 5 አንገቱን ለመደገፍ እንኳ ይቸገራል።

አሁን ቁጥሮቹን ተመልከቱ። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት 323 ልጆችን ይዞ የተሠራና በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። በአጠቃላይ ከ100 ልጆች የ35ቱ ዳሌ ከቦታው ሸሽቷል። በደረጃ ሲከፈል ደግሞ ደረጃ 1 ላይ አንድም አልተገኘም። ደረጃ 2 ላይ 15 ከመቶ ነበር፣ ደረጃ 3 ላይ 41፣ ደረጃ 4 ላይ 69፣ ደረጃ 5 ላይ 90። ከ10 ልጆች የ9ኙ ማለት ነው። እነዚህ 9 ልጆች ናቸው እንግዲህ «አይራመዱም» ተብለው የሚተውት።

ዳሌው ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ምን ይሆናል? አንዳንድ ልጅ ለዓመታት ሳያመው ይቆያል። ብዙዎቹ ግን ያማቸዋል። ክቡ ራስ ላይ ያለው ለስላሳ ልባስ ይበላል፣ ቅርጹ ይበላሻል። ልጁ መናገር ካልቻለ ሕመሙን በለቅሶ፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ በሰውነት መገታተር ይናገራል። ቤተሰቡም «ጠባዩ ተለወጠ» ይላል። አንዱ ዳሌ ሲወጣ ወገቡ ይዘማል፣ ቁጭ ሲል በአንድ መቀመጫው ላይ ብቻ ይጫናል። ቆዳው እዚያ ጋ ይቆስላል። እግሮቹ አልከፈት ስለሚሉ ብሽሽቱን ማጠብ ይከብዳል፣ ሽታና ቁስል ይመጣል። ቡና ተፈልቶ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ልጁ መሀል ላይ ቁጭ ብሎ ሊጫወት ሲችል፣ ጥግ ላይ በጎኑ ይተኛል። ደሴ ላይ ደግሞ ዳገት አለ። ሆጤም ሆነ ሌላ ሰፈር፣ ከታክሲ ወርዶ ልጅ ተሸክሞ መውጣት ነው። እግሩ የማይከፈት የ8 ዓመት ልጅ ይዞ ዳገት መውጣት የእናትየውን ወገብም ይዞ ይሄዳል።

ችግሩ ይህ ሁሉ የሚታየው መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ላይ ዳሌ ሲሸሽ አያምም። ልጁ አያለቅስም። እጅ የሰለጠነ ፊዚዮቴራፒስት እንኳ እግሩን ከፍቶ በማየት ብቻ እርግጠኛ መሆን አይችልም። እግሩ በደንብ የሚከፈት ልጅ ዳሌው እየሸሸ ሊሆን ይችላል።

ቤት ውስጥ የሚታዩ ፍንጮች ግን አሉ። የእኛ አገር እናቶች ከማንም ቀድመው የሚያዩት አንዱ አንቀልባ ላይ ነው። ልጅ ሲታዘል እግሮቹ ተከፍተው ወገብ ያቅፋሉ። ድሮ በቀላሉ ይታዘል የነበረ ልጅ እግሮቹ አልከፈት ካሉ፣ ወይም አንዱ እግር ብቻ ወደ ውስጥ እየገባ ካስቸገረ፣ ልብ በሉ። ሽንት ጨርቅ ስትቀይሩ ታፋው ከጠበበባችሁ፣ በጀርባው አስተኝታችሁ ጉልበቶቹን ስታጥፉ አንዱ ጉልበት ከሌላው ዝቅ ካለ፣ ሁለቱም እግሮች ወደ አንድ ጎን ካዘመሙ፣ ቶሎ አሳዩ። ማዘሉ ራሱ ክፉ አይደለም፤ እግር ተከፍቶ መታዘል ለዳሌ ጥሩ አቀማመጥ ነው። ብቻውን ግን ዳሌ አያድንም። እነዚህ ፍንጮች አለመኖራቸውም ዳሌው ደህና ነው ማለት አይደለም።

ስለዚህ ያለን ዓይን ራጅ ነው። አንድ ፊልም፣ የዳሌ ራጅ፣ ከፊት ለፊት። ሌላ ውድ ምርመራ ለመነሻ አያስፈልግም። ሐኪሙ ፊልሙ ላይ ከጎድጓዳው የውጭ ጠርዝ ወደ ታች ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል። ከዚያ ከክቡ ራስ ውስጥ ምን ያህሉ ከመስመሩ ውጭ እንደሆነ ይለካል። ይህን ልኬት በ1980 እ.ኤ.አ. ሬይመርስ የተባለ የዴንማርክ ሐኪም በዝርዝር አቀረበው፤ እስከ ዛሬ ዓለም የሚጠቀመው እሱን ነው። ከ30 ከመቶ በላይ ከወጣ ዳሌው እየሸሸ ነው ይባላል። 40 ከደረሰ በራሱ የመመለስ ተስፋው በጣም ጠባብ ነው፤ ስለ ኦፕራሲዮን በቁም ነገር መነጋገር ያስፈልጋል። 100 ማለት ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ማለት ነው። ፍጥነቱም ይታያል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ20 ወደ 30 የዘለለ ዳሌ ዝም የሚባል አይደለም።

ራጁ ሲነሳ አቀማመጡ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ በጀርባው ይተኛል። ዳሌው መዝመም የለበትም። እግሮቹ ጎን ለጎን ትይዩ ይሆናሉ፣ ጉልበቶቹ ወደ ላይ ያያሉ። ጭኑ ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ ከሆነ ከጉልበቱ ሥር ትራስ ይደረጋል፤ ወገቡ ጠረጴዛው ላይ እንዲያርፍ። እግሩ ተጠማዝዞ የተነሳ ራጅ የሌለ ችግር ያሳያል፣ ያለውንም ይደብቃል። እናት ወይም አባት ይዘው ሊረዱ ይችላሉ፤ ሁሌም የጨረር መከላከያ ለብሰው። እርጉዝ የሆነች ሴት ግን ራጅ ክፍል ገብታ አትያዝ። ሌላ ሰው ይያዝ።

መቼ ነው መነሳት ያለበት? በደረጃ 3፣ 4 እና 5 ያሉ ልጆች የመጀመሪያውን ራጅ ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ቢነሱ መልካም ነው። ከዚያ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ። በጣም የሚያሰጋው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያለው ዕድሜ ነው፤ ክትትሉ ግን አጥንት ማደግ እስኪያቆም ይቀጥላል። ለሚራመዱት ልጆች ያን ያህል ተደጋጋሚ አያስፈልግም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሆስፒታሎች ተዘርፈው፣ አገልግሎት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ሰሞን ሕፃን የነበሩት ልጆች በጊዜው መታየት የነበረባቸው ናቸው። ራጅ ያልተነሳ ልጅ ካለ አሁን ይነሳ። አልፏል ብላችሁ አትተዉት።

ወደ ኦፕራሲዮኑ ከመግባቴ በፊት ዳሌ እንዳይወጣ የማያግዱትን ነገሮች ልናገር። አንዱ የእኔው ሙያ ነው። ጡንቻ ማሳሳብ፣ ማሸት፣ ጥሩ አቀማመጥ፣ በመቆሚያ መቆም ለልጁ ብዙ ጥቅም አላቸው። ሰውነቱ እንዳይደርቅ፣ እንዲተነፍስ፣ ዓለምን ቀና ብሎ እንዲያይ ያግዙታል። እየሸሸ ያለን ዳሌ ግን በማሳሳብ ብቻ አናቆመውም። ማንም ባለሙያ «እኔ ጋ አዘውትራችሁ ከመጣችሁ ራጅ አያስፈልግም» ካላችሁ አትቀበሉት። ጡንቻ የሚያላላው የቦቶክስ መርፌም ተሞክሯል። በአውስትራሊያ መርፌውን በየ6 ወሩ ከዳሌ መደገፊያ ጋር የወሰዱ ልጆችን ካልወሰዱት ጋር አወዳድረው፣ ውጤቱን በ2008 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ልዩነቱ ያን ያህል አልነበረም። መርፌው ለሌላ ነገር ይጠቅማል፤ ዳሌን ለማዳን ግን አይታመንበትም።

ወጌሻስ? ወሎ ውስጥ ለአጥንት ነገር ወደ ወጌሻ መሄድ የቆየ ነው፤ ብዙ ሰውም ያምነዋል። ይሄኛው ግን በእጅ ተገፍቶ የሚገባ ውልቃት አይደለም። የጡንቻ ጉተታውና የአጥንቱ ቅርጽ እስካልተስተካከለ ድረስ ቢገፋ ተመልሶ ይወጣል። ሌላው አደጋ የባሰ ነው። ቆሞ የማያውቅ ልጅ አጥንቱ የሳሳ ነው። በኃይል ሲጎተት ጭኑ ይሰበራል። ጸሎቱም፣ ዱአውም፣ ጠበሉም ይቀጥል። እግሩን በኃይል የሚጎትት ሰው ግን አይንካው።

ኦፕራሲዮኑ አንድ ዓይነት አይደለም። እንደ ዳሌው ሁኔታና እንደ ልጁ ዕድሜ ይለያያል።

የመጀመሪያው የመከላከያ ኦፕራሲዮን ነው። ዳሌው መሸሽ ሲጀምር፣ ግን አጥንቱ ገና ሳይበላሽ ይሠራል። ብሽሽት ላይ ትንሽ ቦታ ተከፍቶ ጭንን ወደ ውስጥ የሚጎትቱት የጠበቡ ጡንቻዎች ይላቀቃሉ። ጭንን ወደ ሆድ የሚያጥፈው ጡንቻ ጅማትም ይረዝማል። አጥንት አይነካም። ብዙ ደም አይፈስም። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ጎን አብሮ ይሠራል፤ አንዱ ብቻ ከላላ ሌላው ወደ ራሱ ይጎትታልና። ከዚያ እግሮቹ ተከፍተው እንዲቆዩ ለጥቂት ሳምንታት በጀሶ ወይም በመደገፊያ ይያዛሉ። ልጁ ትንሽ በሆነ ቁጥር፣ ማለትም ከ6 ዓመት በታች፣ ይበልጥ ይጠቅማል።

ውጤቱን አላጋንንም። በሜልቦርን ይህ ኦፕራሲዮን የተሠራላቸውን ከ300 በላይ ልጆች ለዓመታት ተከታትለው ነበር። ደረጃ 2 ላይ ካሉት ለሁሉም ማለት ይቻላል በቂ ሆኖ ተገኘ። ደረጃ 3 ላይ ለግማሽ ያህሉ። ደረጃ 5 ላይ ግን ለ7 ልጆች ቢሠራ ለአንዱ ብቻ ነው በዘላቂነት የበቃው። ታዲያ ለደረጃ 4 እና 5 ለምን ይሠራል? ጊዜ ይገዛል። የ3 ዓመት ልጅ አጥንት ለትልቁ ኦፕራሲዮን ገና ለስላሳና ትንሽ ነው። እስኪጠነክር ድረስ ዳሌው ባለበት ቢቆይ፣ ትልቁ ኦፕራሲዮን በተሻለ ዕድሜ፣ በተሻለ አጥንት ላይ ይሠራል። ሐኪሙ ይህን ቀድሞ ለወላጅ መንገር አለበት ብዬ አምናለሁ። ካልተነገራቸው ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ሲመጣ «የመጀመሪያው ከሸፈ» ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ።

በቅርብ ዓመታት የመጣ ሌላ መንገድም አለ። በጭን አጥንት ራስ ሥር ባለው የእድገት ቦታ በውስጥ በኩል አንድ ብሎን ይገባል። ብሎኑ በዚያ በኩል ያለውን እድገት ያዘገያል። ውጩ ማደጉን ስለሚቀጥል፣ ቀጥ ብሎ የቀረው አንገት ቀስ በቀስ ወደ ጎድጓዳው ያዘነብላል። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ልጁ ቶሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ልጁ ሲያድግ አጥንቱ ብሎኑን ጥሎት ሊያልፍ ስለሚችል ዳግም መታየት ይፈልጋል። የትም የሚሠራ ስላልሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ትልቁ ኦፕራሲዮን ዳሌን መልሶ መገንባት ነው። ዳሌው ከ40 እና 50 ከመቶ በላይ ሲወጣ ጡንቻ ማላቀቅ ብቻውን አይበቃም። የጭኑ አጥንት ከላይ ተቆርጦ አንገቱ ወደ ታች ይዘነብላል፣ መዞሩም ይስተካከላል። ከዚያ በብረትና በብሎን ይያያዛል። ጎድጓዳው ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ ከበላዩ ያለው አጥንት ተቆርጦ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ክፍተቱ በቁራጭ አጥንት ይሞላል፤ ራሱን የሚሸፍን ጣሪያ ይሆናል። ሰዓታት ይወስዳል። ደም ሊያስፈልግ ይችላል። ብዙ ሐኪሞች ከዚያ በኋላ ለ6 ሳምንት ገደማ ጀሶ ያደርጋሉ። ከባድ ነው፤ ግን በጊዜው ከተሠራ አብዛኛውን ጊዜ ዳሌውን ይዞ ይቆያል።

የመጨረሻው ክቡ ራስ ከተበላሸ በኋላ የሚሠራው ነው። ያኔ ዳሌውን መመለስ አይቻልም። ሕመሙን ለመቀነስ የጭኑ አጥንት የላይኛው ክፍል ይወጣል ወይም አቅጣጫው ይለወጣል። ልጆችን ይረዳል፤ ግን ውጤቱ አስተማማኝ አይደለም፣ ሕመሙም ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። እዚህ ላይ ላለመድረስ ነው የሚደከመው። ልጃችሁ ትልቅ ሆኖ ዳሌው ድሮ የወጣ ከሆነና የማያመው ከሆነ ግን አትደንግጡ። ሁሉም የወጣ ዳሌ አይቀደድም። ከኦፕራሲዮን ይልቅ ጥሩ መቀመጫ ሊያስፈልገው ይችላል።

ይህ ሁሉ ክትትል ፋይዳ እንዳለው የታየው በስዊድን ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በደቡብ ስዊድን በስኮነና በብሌኪንግ ግዛቶች ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን ልጆች ሁሉ መዝግበው በየጊዜው ራጅ ማንሳት ጀመሩ። ከ30 እና 40 ከመቶ ያለፈውን ቶሎ ሕክምና ሰጡት። ከዚያ በፊት ከ100 ልጆች ወደ 9 የሚጠጉት ዳሌያቸው ሙሉ በሙሉ ይወጣ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ቁጥሩ ከ100 ልጆች ከ1 በታች ወረደ። በአንድ አዲስ መድኃኒት የመጣ ለውጥ አይደለም። መዝገብ፣ ራጅና ቀጠሮ ናቸው ያመጡት። እኛ ጋ የቀዶ ሐኪም እጥረት አለ፤ አልክድም። መዝገብና ራጅ ግን እኛም ጋ ይቻላሉ።

በደሴና በኮምቦልቻ ከየት ይጀመር? ራጅ ያለበት ጤና ተቋም ሁሉ ለመጀመሪያው ፊልም ይበቃል። ኮምቦልቻ ያለ ሰው ለዚያ ብቻ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ መውጣት አይጠበቅበትም። ፊልሙን ይዞ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአጥንት ሐኪም ማየት ይቻላል። መደገፊያ፣ ልዩ መቀመጫ ወይም ዊልቸር ሲያስፈልግ ደሴ ያለውን የአካል ተሃድሶ ማዕከል ጠይቁ። ለትልቁ ኦፕራሲዮን ግን ብዙ ጊዜ ሪፈሩ ወደ አዲስ አበባ ነው። ጥቁር አንበሳ አለ። ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልም አለ፤ የልጆች አጥንት ላይ ያተኮረ ነው፣ ሕክምናውንም በነፃ ይሰጣል። ጤና መድን ያላችሁ ደረጃውን ጠብቃችሁ ሪፈር ወረቀቱን ያዙ፤ ያለ እሱ ከሄዳችሁ ወጪው በእናንተ ላይ ይወድቃል።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲኬድ ልጁ እቅፍ ላይ ይሆናል። ሲመለስ ግን ከወገቡ እስከ እግሩ ጀሶ ነው፣ እግሮቹም ተከፍተዋል። በሚኒባስ መደበኛ ወንበር አይገባም። የኋላውን ወንበር ሙሉ መያዝ ወይም የሚያውቁትን ሰው መኪና ማስቸገር ያስፈልጋል። ይህን ከመሄዳችሁ በፊት አስቡበት፤ ጀሶ የታሰረ ልጅ ይዞ መናኸሪያ ላይ መኪና መለመን በጣም ይከብዳል።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ልጁ ጠንከር ይበል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ብዙ ልጆች መዋጥ ስለሚቸገሩ ክብደታቸው ዝቅተኛ ነው፣ ደማቸውም ያንሳል። የተጎዳ ልጅ ቁስሉ አይድንም፣ ሳንባውም በቀላሉ ይታመማል። ለሳምንታትም ቢሆን በደንብ መመገብ፣ የደም ማነስን ማከም ያዋጣል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አንድ ቀንም አታቋርጡ። በኦፕራሲዮኑ ጠዋት ሳይቀር ጠይቁ። ሳል ወይም ትኩሳት ካለ ደግሞ ሳትደብቁ ተናገሩ። ቀጠሮ ያልፈኛል ብሎ መደበቅ ማደንዘዣው ላይ አደጋ ያመጣል።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው። የተቆረጠው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ልጁ እየደነገጠ ይነቃል። ለሕመሙም ለኩምትርትሩም መድኃኒት አለ። ካልበቃው ነርሷን ጥሩ። አብሽሪ፣ ያልፋል ይሉሻል ጎረቤቶች፤ እውነት ነው ያልፋል። ግን ልጁ ሕመሙን ችሎ ማለፍ የለበትም። ቤት ስትገቡ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ጎኑን ቀይሩለት። የእግር ጣቶቹን እዩ፤ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። ከጀሶው ውስጥ ሽታ ከመጣ ወይም ልጁ ካተኮሰው እንዲሁ። በብሽሽቱ በኩል ያለውን የጀሶ ጠርዝ በፕላስቲክ ሸፍኑት፤ ሽንት እንዳይገባ። ኮምቦልቻ ይሞቃል፤ ልጁ ያልበዋል፣ ያሳክከዋል። በስንጥር እንዳታኩለት። ቆዳው ይላጥና ውስጥ ይመረቅዛል። ነፋስ ያለበት ቦታ አስተኙት።

ጀሶው ሲወጣ ደግሞ አጥንቱ ለሳምንታት ሳይሠራ ስለቆየ በጣም ሳስቷል። አልጋ ላይ በአንድ እግሩ ይዞ ማገላበጥ ብቻ ሊሰብረው ይችላል። ሁለት ሰው ሆናችሁ ከሥሩ ደግፋችሁ አንሱት። ያኔ ወደ ፊዚዮቴራፒ ኑ። ማሳሳቡ፣ መቀመጡ፣ መቆሚያው ዋጋ የሚኖረው በተለይ ያኔ ነው።

ራጁ ከኦፕራሲዮን በኋላም አይቋረጥም። የተሠራው ዳሌ እንደገና ሊሸሽ ይችላል፤ ያልተሠራውም እንዲሁ። በእድገት ጊዜ አከርካሪውም ሊጣመም ስለሚችል አብሮ ይታይ። ቀጣዩ ሐኪም ማወቅ የሚፈልገው ዳሌው ዛሬ የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን በምን ፍጥነት እዚያ እንደደረሰ ነው። ስለዚህ ካርዱንና የድሮ ፊልሞቹን አትጣሉ። እያንዳንዱን ፊልም በቀን ብርሃን መስኮት ላይ ለጥፋችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የተነሳበትን ቀን ጻፉበት፤ ለአባትየውም፣ ለአክስቱም ላኩት። አንዱ ስልክ ቢጠፋ ሌላው ጋ ይገኛል።